ሲላክ ስሙን፣ ሲገባ ቀሪ ሂሳቡን

ጥያቄ፦ «ጅማ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ማርና ቅመም እሸጣለሁ። ማሩ የሚመጣልኝ ከጌራና ከአጋሮ ነው፤ ለአቅራቢዎቼ የምከፍለው በቴሌብር ነው። አዲስ አበባ ለምትማረው ልጄም የቤት ኪራይ በንግድ ባንክ አፕ እልካለሁ። በቅርቡ ጎረቤቴን ‹ከባንክ ነው› ብለው ደውለው 18 ሺህ ብር በሏት። ስሟን ከነአባቷ ጠርተው ነው ያናገሯት። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ድው ይላል። ወደ ጥሬ ብር ልመለስ ወይስ ሌላ መላ አለው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ወደ ጥሬ ብር አትመለሺ። ከሄርማታ እስከ ጌራ ብር በሰው እጅ መላክ የራሱ ጣጣ አለው። መንገድ ላይ ይጠፋል፣ «አልደረሰኝም» ይባላል፣ ማስረጃ የለም። በስልክ የላክሽው ብር ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀባዩን ስምና የግብይት ቁጥሩን ይዞ ይቀመጣል። ከአቅራቢ ጋር በሂሳብ ብትጨቃጨቂ ስልክሽን ከፍተሽ ታሳያለሽ።

ሥራዬ የክፍያ ሥርዓቶች ደህንነት ነው። ብሩ የተበላበት ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «አፑን ሃክ አደረጉት» ነው። መዝገቡ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፑን የሰበረ የለም። ብሩን የላከው፣ ወይም በሩን የከፈተው ባለቤቱ ራሱ ነው። ተቻኩሎ ወይ ደንግጦ። ይህን የምለው ጎረቤትሽን ለመውቀስ አይደለም። ሌቦቹ ሥራቸው ይሄ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይለማመዱታል። እሷን የገጠማት አንድ ቀን ነው።

እሷን ያሳመናት ስሟ መጠራቱ ይመስለኛል። ስም ማወቅ ግን ከባድ ነገር አይደለም። ማንም ሰው ብር የሚልክ መስሎ ስልክ ቁጥርሽን አፕ ላይ ቢያስገባ፣ የማረጋገጫው ገጽ ላይ ስምሽ ይመጣለታል። ያ ገጽ የተሠራው ላኪው እንዳይሳሳት ነበር፤ ሌባም ይጠቀምበታል። ብሩን ሳይልክ ይወጣና ይደውልልሻል። «ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» ሲልሽ ባንኩ የሚያውቅሽ ይመስልሻል። ሱቅሽ በር ላይ የለጠፍሽው ቁጥር ለዚህ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሰበቡ ይመጣል። አንዳንዱ «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል። ሌላው «የፋይዳ ቁጥርዎ ከሂሳብዎ ጋር ስላልተገናኘ ሊዘጋ ነው» ይላል። ባንኮች ፋይዳን በእርግጥ ስለሚጠይቁ ይሄኛው በደንብ ያሳምናል። በአፋን ኦሮሞ ብትመልሺለት በአፋን ኦሮሞ ይቀጥላል። ከጀርባው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል። ትህትናውማ አይነሳ፤ እውነተኛ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ትህትና ባገኘን!

ከሰበቡ በኋላ ያለችውን አንድ ደቂቃ ቀስ ብለን እንያት፤ ብሩ የሚሄደው እዚያ ጋ ነው። ደዋዩ በሌላ እጁ ሁለተኛ ስልክ ይዟል። እዚያ ላይ አፑን ከፍቶ ያንቺን ቁጥር አስገብቷል። ሲስተሙ ባለቤቷ መሆንሽን ለማጣራት የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚደርሰው ግን አንቺ ጋ ነው፤ ያውም ከእውነተኛው የቴሌብር ቁጥር፣ ከ127። ሰውየው «አሁን አንድ ኮድ ልከንልዎታል፣ ያንብቡልኝ» ይላል። መልእክቱ እሱ ባለው ሰዓት ስለገባ ታምኚዋለሽ። ስታነቢለት ያንቺ ቴሌብር እሱ ስልክ ላይ ይከፈታል። የቀረችው የሚስጥር ቁጥሯ ብቻ ናት። እሷንም «ለማጣራት ያህል ነው» ብሎ ይጠይቅሻል።

ስለዚህ ኮድና የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለወኪልም፣ ለወንድምም። እውነተኛው የባንክ ሠራተኛ ሥራውን ለመሥራት የአንቺ ሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም። ከተጠራጠርሽ «ቆይ ዘግቼ ራሴ ልደውል» በዪው። ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127፣ ኤም ፔሳ የምትጠቀሚ ከሆነ የሳፋሪኮም 700 ነው። «አይዝጉት፣ ከዘጉት ሂሳብዎ ይታገዳል» ካለሽ በቃ፣ ሌባ ነው። የሚፈራው መዝጋትሽን ነው። የደወለልሽ ቁጥር 951 ብሎ ቢታይሽ እንኳ ዝጊውና አንቺ መልሰሽ ደውዪ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ደዋዩ ኮድ እንድትነግሪው ሳይሆን ቁጥር እንድትጫኚ ይጠይቅሻል። «መስመርዎን እናስተካክላለን፤ ይህን ይደውሉ» ይልና በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምር፣ መሃሉ ላይ ስልክ ቁጥር ያለበት ነገር ያስጽፍሻል። ይሄ የጥሪ ማስተላለፊያ ነው። ከዚያ በኋላ ላንቺ የሚደወለው ሁሉ እሱ ጋ ይጠራል። በድምፅ ጥሪ የሚነገር የማረጋገጫ ኮድ ካለ የሚሰማው እሱ ነው። ልጅሽ «እናቴ ሆይ፣ ይሄን ብር እውነት አንቺ ነሽ ያልሽው?» ብላ ብትደውል እንኳ አታገኝሽም። አሁኑኑ ስልክሽ ላይ *#21# ብለሽ ደውዪ። ጥሪሽ ወደ ሌላ ቁጥር የሚሄድ ከሆነ ይነግርሻል። ##002# ብትደውዪ ደግሞ የተሰጠው ማስተላለፊያ ሁሉ ይጠፋል።

ቴሌግራምም የሚወሰደው በዚሁ በኮድ መንገድ ነው። አካውንቱን የወሰዱበትን ሰው መስለው ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ይጽፋሉ፤ «ሰላም ነሽ እናቴ፣ ትንሽ ተቸግሬ ነበር፣ 5 ሺህ ብር ካለሽ ነገ እመልስልሻለሁ»። ፎቶው የልጅሽ ነው፤ ያለፈውን ወሬያችሁን አንብበው ስለሚጽፉ አጠራሯ ሳይቀር የሷ ይመስላል። የሚሰጡሽ ሂሳብ ግን በሌላ ሰው ስም ነው፤ «የጓደኛዬ ነው፣ የኔ አልሠራ አለኝ» ይላሉ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ፤ በስልክ ደውለሽ ድምፅዋን ስሚ። በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው ቁጥሯ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ማውራት አልችልም» ካሉሽ ብሩም ስብሰባው እስኪያልቅ ይቆያል። ከልጅሽ ጋር እናንተ ብቻ የምታውቁት መጠየቂያ ቃል ብታበጁም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ራሱ መላኩ እንምጣ። ለጌራው አቅራቢሽ ብር ስትልኪ ቁጥሩን ታስገቢያለሽ፣ መጠኑን ትጽፊያለሽ፣ ስም ይመጣል፣ የሚስጥር ቁጥር ትሰጫለሽ። ከስሙ እስከ ሚስጥር ቁጥሩ ያለችው ጊዜ ነች ዋናዋ። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ስሙን ሳያይ ያልፋል። ጣት ልማድ ይይዛል። አንቺ ግን ስሙን እስከ አያት ድረስ አንብቢው። ጅማ ላይ «መሐመድ አህመድ» ብቻ አይበቃም፤ ስንት አለ። በዚያ ላይ በኛ አካባቢ የአያት ስም ከ«አባ» ጋር ሲመጣ አጻጻፉ ብዙ ነው። አንዱ ሂሳብ ላይ «አባመጫ» ተብሎ ይገጠማል፣ ሌላው ላይ «አ/መጫ» ይሆናል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ጭራሽ ሌላ ይመስላል። ስለዚህ አዲስ አቅራቢ ሲመጣልሽ «ስምህ አፑ ላይ እንዴት ነው የሚታየው?» ብለሽ ጠይቂና ደብተርሽ ላይ እንዳለ ገልብጪው። ስትልኪ የምታስተያዪው ከደብተሩ ጋር ነው።

ለአዲስ ሰው መጀመሪያ 10 ብር ላኪ። ደውለሽ «ገባልህ?» በዪው። ገባልኝ ሲልሽ ቁጥሩን አፑ ውስጥ አስቀምጪና ቀሪውን ላኪ። ከዚያ በኋላ ሁሌ ካስቀመጥሽው ላይ ምረጪ እንጂ በእጅሽ አትጻፊ። የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ በቃል ተነግሮሽ ገበያ መሃል ስትጽፊው አንዷ ብትዘዋወር ብሩ የማታውቂው ሰው ጋ ሊሄድ ይችላል።

«ቁጥሬን ቀይሬያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከመጣልሽ በድሮው ቁጥር ደውለሽ አረጋግጪ። በተለይ በመኸር ወራት። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲደርስ ጅማ ዙሪያ ብር እንደ ጉድ ይንቀሳቀሳል። እሸት ቡና የሚሰበስብ ሰው በቀን ለብዙ ሰው ይከፍላል። ሌባም ይህን ያውቃል። አንቺም ያኔ የማር ክፍያሽ ተደራርቦ ትቸኩያለሽ።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ፤ ሌባ እንኳ አያስፈልገውም። ላኪ ትዪዋለሽ፣ ክቡ ይዞራል ይዞራል፣ ከዚያ «አልተሳካም» ይላል ወይ ዝም ይላል። ደግመሽ ትልኪያለሽ። በኋላ ሁለቱም ሄደው ታገኚያቸዋለሽ። ዝም ካለ አትድገሚ። መጀመሪያ የግብይት ታሪክሽን ክፈቺ፣ ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ብሩ ተቀንሶ ከሆነ ጠብቂ። ካልተቀነሰ ያኔ ድገሚ። ገበሬው ቢጨቀጭቅሽም ይጠብቅ።

አንቺ ነጋዴ ስለሆንሽ መቀበሉ ከመላኩ ይልቅ ያሳስበኛል። ሐሙስ ገበያ ደርቷል እንበል። አንዱ መጥቶ አምስት ኪሎ ማር አስመዘነ። «ቴሌብር ላድርግልሽ» አለ፤ ነካ ነካ አደረገና ስክሪኑን አሳየሽ። አረንጓዴ ምልክት፣ ያንቺ ስም፣ ትክክለኛው መጠን። ያ ሁሉ ፎቶ ሊሆን ይችላል። የትናንቱን ደረሰኝ መጠንና ሰዓት ቀይሮ ማዘጋጀት ለሚያውቅበት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የእሱ ስልክ ላይ ያለው ነገር ላንቺ ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾትም፣ የታተመ ደረሰኝም እንደዚያው።

«መልእክቱ ለኔም ገብቷል» ካልሽ ደግሞ ከየት እንደገባ እዪ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። የሐሰቱ ቃል በቃል ተገልብጦ ከአንድ የግል 09 ወይ 07 ቁጥር ይመጣል። ስትቸኩዪ ላኪውን ትተሽ የምታዪው መጠኑን ብቻ ነው። ሐሰተኛው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ቀሪ ሂሳቡ ላይ ነው፤ ያንቺን ቀሪ ሂሳብ ስለማያውቅ የማይመስል ቁጥር ይጽፋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መልእክት መመርመሩን ትቶ አፑን መክፈት ነው። ብሩ ገብቶ ከሆነ እዚያ አለ። ከሌለ የለም።

«ኔትወርክ ነው እኮ፣ ይገባልሻል፣ እቸኩላለሁ» ሲልሽ ማሩ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። ይሉኝታ ይይዝሻል፣ አውቃለሁ። ደንበኛ አታምነኝም ብሎ ይቀየማል ብለሽ ትሰጊያለሽ። «አባቴ፣ ለሁሉም ነው፤ ሳይገባ አልሰጥም» ብለሽ በፈገግታ ጨርሺው። ሱቁ ላይ ጽፈሽ ብትለጥፊው ደግሞ መናገሩም ይቀርልሻል። ረዳት ካለችሽ እሷንም አስተምሪያት፤ አንቺ ምሳ ስትበዪ የሚመጡት እሷን ብለው ነው። የምትቀበዪበት የኪውአር ኮድ ተለጥፎ ከሆነም ጠዋት ጠዋት ራስሽ ቃኝተሽ ስምሽ መምጣቱን እዪ። ላዩ ላይ የራሱን የሚለጥፍ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ አንዱ ደውሎ «እህቴ በስህተት 3 ሺህ ብር ልኬልሻለሁ፣ በአላህ መልሺልኝ» ቢልሽስ? መልእክትም ገብቷል። መጀመሪያ አፑን ክፈቺ። አብዛኛውን ጊዜ የገባ ነገር የለም፤ መልእክቱ የሐሰት ነው፤ ብትመልሺ የምትመልሺው የራስሽን ብር ነው። በእውነት ገብቶ ካገኘሽው ደግሞ አትብዪው፤ ግን አንቺም በእጅሽ አትመልሺው። ብሩ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። አንቺ «ወደ ባለቤቱ» ብለሽ ሌባው ወደሰጠሽ ሌላ ቁጥር ስትልኪ መሃል ገብተሽ ታሻግሪለታለሽ፤ ፖሊስ ሲመጣ ስምሽ ሰንሰለቱ ውስጥ ነው። «ወንድሜ፣ ለቴሌብር ወይ ለባንክህ አመልክት፤ እኔም አሳውቃለሁ፤ እነሱ ይመልሱልህ» በዪው፤ አሳውቂም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያላግባብ መበልጸግን ይከለክላል፤ አንቀጽ 2162ን ማየት ይቻላል። መጋቢት 2016 ላይ በንግድ ባንክ ሲስተም ብልሽት ሰው ከሂሳቡ በላይ ያወጣ ጊዜ ምን እንደተከተለ ታስታውሺያለሽ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስም በአደባባይ ተለጠፈ።

ስለ ስልኩ ራሱ ብዙ አልልም። አፕ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይወርዳል፤ «አዲሱ የባንክ አፕ» ተብሎ በቴሌግራም የመጣ ፋይል አይከፈትም፤ እንዲህ ያለው አጭር መልእክትሽን እያነበበ ኮድሽን ሊልክላቸው ይችላል። የስልኩ መክፈቻና የብሩ ሚስጥር ቁጥር አንድ አይሁኑ። የልደት ዓመት አይሁን፤ በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር። ወኪል ጋ ብር ስታስወጪ ቁጥሯን የምትጫኚው አንቺ ነሽ፤ «ንገሪኝ፣ እኔ ልሥራልሽ» የሚል ወኪል ካጋጠመሽ ሌላ ወኪል ጋ ሂጂ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትዪኝ ይሄን እመርጣለሁ፤ ገንዘብሽን ለያዪው። የምታንቀሳቅሽው በቴሌብር ይሁን፣ የሳምንት ሥራ የሚበቃሽ ያህል። የተጠራቀመው ግን ከስልክ ጋር ያልተገናኘ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ደብተር ይዘሽ ቅርንጫፍ ሄደሽ የምታወጪበት። ያስቸግራል። ቢሆንም አንድ ቀን ብትሳሳቺ የሚሄደው የሳምንቱ ነው፣ የዓመቱ አይደለም። ብዙ ባንኮች በቀን የሚላከውን መጠን ዝቅ አድርገው ይሠሩልሻል፤ ቅርንጫፍ ስትሄጂ ጠይቂ።

ከሆነስ በኋላ? ደቂቃ ወሳኝ ነው። ሌቦቹ ብሩን ወዲያው ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ያዘዋውሩትና በሌላ ከተማ ወኪል ጋ በጥሬ ያወጡታል። ጥሬ ከሆነ በኋላ ቴሌም ባንክም እጁ አጭር ነው። ስለዚህ ለባልም ለጎረቤትም ከመንገርሽ በፊት በ127 ወይም በ951 ደውለሽ «ሂሳቤን ዝጉልኝ፣ የተላከበትንም ሂሳብ እገዱልኝ» በዪ። የግብይት ቁጥሩን አዘጋጂ። ቀጥለሽ መታወቂያ ይዘሽ ቅርንጫፍ ሂጂ፣ አቤቱታሽን በጽሑፍ ስጪ፣ የተቀበሉበትን ማስረጃ ውሰጂ። ከዚያ ፖሊስ። ይሄ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚጠየቁበት ወንጀል ነው፤ «ራሷ ኮዱን ሰጠች» መባሉ ሌባውን ነፃ አያወጣውም። ስልክሽ የጠፋ ወይ የተሰረቀ ከሆነ ሲም ካርዱንም ወዲያው አዘጊ። ሲምሽ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣና ጎረቤት ካለው ደግሞ ዝም አትበዪ፤ ሌላ ሰው በስምሽ ሲም አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውዪ።

ለጎረቤትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ብዙ ሰው ያፍርና ሳያመለክት ይተወዋል። አሁንም አልረፈደባትም። ብሩ የገባበት ሂሳብና የተደወለበት ሲም በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ ያ ሰው ሌላም ሰው በልቶ ከሆነ የሷ አቤቱታ ከዚያኛው ጋር ይገጣጠማል። «የጠፋ ብር እናስመልሳለን» ብለው በቴሌግራም የሚጽፉላት ካሉ እነሱም ያው ሌቦች ናቸው፤ የቅድሚያ ክፍያ ብለው ሁለተኛ ይበሏታል። የደወሉበትን ቁጥርና የገቡላትን መልእክቶች እንዳታጠፋ። ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት አብረሻት ቅርንጫፉ ድረስ ብትሄጂ ደግሞ ብቻዋን ከምትሄድ ይቀላታል።